ሃያ አምስት ባቄላ

ከጓሮዬ አንድ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ሁለት የውሃ ቧንቧ አስበይጄ ያቆምኩት ነው፤ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሦስት ሜትር ያህል ይወጣል። ጫፉ ላይ የነበረውን አንቴና ነፋስ ከጣለው ቆይቷል፤ ዛሬ ባለቤቴ የልብስ ገመድ አስራበታለች። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ለበዓል በመጡ ቁጥር፣ «አባዬ፣ ይሄ ዝገት ለምን አይነቀልም?» ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ምክንያቴ በአንድ ስኒ ቡና ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

አሰላ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። ጠጋኝ የሰው ሳሎን ያውቃል። ቴሌቪዥኑ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደተቀመጠ፣ የለበሰው ዳንቴል ስንት ሌሊት እንደፈጀ፣ ከፊቱ ስንት በርጩማ እንደሚደረደር፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጎን እንደሚቀመጥ አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ቴሌቪዥን የገዛው ብቻውን ሊያይበት አልነበረም። ሩጫ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ሌላ ቦታ ሰው በቴሌቪዥን የሚያየውና የሚወደው ዝነኛ የማያውቀው ሰው ነው። እኛ የአርሲ ደጋ ሰዎች ያየነው የጎረቤት ልጅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የምትሮጠዋን ልጅ እናት ገበያ ስትወርድ እናገኛታለን፤ ከአጎቷ ጋር እህል ተሻሽጠናል። ስለዚህ አንድ ቤት ተሰብስቦ ማየቱ ከጨዋታ ይልቅ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ መሰብሰብን ይመስል ነበር። ሥርዓቱም ከዚያ መጣ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ይለያያሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢከፈት ኖሮ ጣቢያው ለአገሩ የሚያበስረው የመጀመሪያው ታላቅ ዜና የአበበ ድል ይሆን ነበር።

እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአበበን ድል የሰማሁት አሰላ ገበያ ዳር፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። መደርደሪያው ላይ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነበር። ደጃፉ በሰው ተሞልቶ ሁሉም ሬዲዮኑን ትኩር ብሎ ያያል። ጆሮ ብቻውን አልበቃቸውም፤ ድምፁ ከሚወጣበት ጨርቅ ላይ ዓይኑን የነቀለ ሰው አልነበረም። አሰላ ቴሌቪዥን ማየት የለመደችው ቴሌቪዥን ሳይደርስባት ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው፣ ሁላችን ካዱ የምንለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። አባቴ እዚያ በሾፌርነት ተቀጠረ፤ ከደመወዙ አጠራቅሞ ሬዲዮ ገዛ። የእኔም ሙያ የተጀመረው ከዚያች ሬዲዮ ነው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ማታ ለዜና ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል።

ሙያውን ልማር አዲስ አበባ ስገባ ቴሌቪዥንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአክስቴ ሰፈር ነው። ሳጥኑ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እግራቸውን ታጥበው ምንጣፍ ላይ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ የሚጠብቁት አባባ ተስፋዬን ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ከእኛ ደጋ ማዶ ባሌ የተወለዱ፣ ከጣቢያው መከፈት ጀምሮ አርባ ሁለት ዓመት ለልጆች ተረት የነገሩ ሰው ነበሩ። እግሩን ያልታጠበ ልጅ ከደጅ ይመለሳል፤ የተጣላ ልጅ ታርቆ ይገባል። የሰው ቤት ቴሌቪዥን የራሱ ሕግ እንዳለው ያወቅሁት እዚያ ነው። በኋላ ሳነብ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ እንግሊዞችም በ1953 እ.ኤ.አ. የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ያዩት ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ተጨናንቀው ነበር።

ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 10,000ውንም 5,000ውንም ሲጠቀልል እኔ ተመልሼ አሰላ ነበርኩ። አብዛኛው ሰው የሰማው በሬዲዮ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ቤት፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴም የምሩጽን ድል በሬዲዮ ሰምቶ ልቡ እንደተነሳ ደጋግሞ ተናግሯል። አርሲ ላይ የአንዱን ሯጭ ድምፅ ሰምቶ ሌላው ይነሳል፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ አንድ ሳጥን አለ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ዝም አለ። በ1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፤ በ1981 ዓ.ም. ከሴኡል ቀረች። በመካከሉ፣ በ1977 መግቢያ፣ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ። ይህ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል። ቀለሙ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሶ በኦሎምፒክ መም የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ግን ስምንት ዓመት ያህል ሳይታይ ቆየ። አንድ ሙሉ የአትሌት ትውልድ በመዘጋጀት ብቻ እግሩ አረጀ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ለደስታ የተሰበሰበበትን ቀን ቁጠር ብባል አንዱ በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበት ነው። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ከውስጥ ካሉት ይበዙ ነበር። ያኔ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ የማይወድ ሰው አላውቅም።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም መግቢያ ነበር። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን የሮጠችው በዚያ ዕለት ማታ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን አስከትላ ገባች፤ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። እኔ ያን ሌሊት የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ምስሉን ያየሁት በኋላ ነው። በማግስቱ በሳጉሬ በኩል ከበቆጂ የሚመጡት አውቶቡሶች መብራት አብርተው፣ ጥሩምባ እየነፉ ገቡ። ቅርንጫፍ የታሰረባቸው ነበሩ። ከአሰላ እስከ በቆጂ ስልሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ያ መንገድ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኛ ሌላ መንገድ ነው።

በሥራዬ ያየሁትን ልናገር። ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ ሱቄ የገባው ሥራ ተለወጠ። ለዓመታት ተሸፍነው የተቀመጡ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች በጋሪ ተጭነው መጡ። አንዱ ከውስጡ የአይጥ ጎጆ ነበረበት። ባለቤቶቹን «ለምን አሁን አሰባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ እንኳ ዜና ለመስማት ነው አላለኝም። «ልጆቻችንን ልናይ» ነው ያሉኝ።

አሁን ወደ አዴ ልምጣ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ግን አዴ ይላቸው ነበር። ከእኛ ቤት ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአርሲ ሴት ወግ በሠርጋቸው ቀን የተቀበሏትን ሲንቄ የተባለች በትር እስከ እርጅና ከእጃቸው ያልለዩ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ልኮላቸው በ1988 ዓ.ም. ክረምት አንቴናውን የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። ቤታቸው ጉድባ ውስጥ ስለሆነ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ስለዚህ ምሰሶውን በእኔ ጓሮ ተክዬ ሽቦውን በሁለት አጥር ላይ አሳልፌ ወደ እሳቸው ወሰድኩት። ዛሬ ልጆቼ ይነቀል የሚሉት ያው ምሰሶ ነው።

አትላንታ ነበር። ሐምሌ 21፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ብቻዋን መርታ ገባች። የበቆጂ አካባቢ ልጅ ናት። አዴ ሙስሊም ናቸው፤ እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ጉልበት ለጉልበት ተያይዘው አለቀሱ። ኃይሌ በማግስቱ ነበር የሚሮጠው፤ አትላንታ ሲመሽ እኛ ዘንድ ሊነጋጋ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ አዴ ቤት አደሩ። ሳሎኑ በፍራሽና በጋቢ ተሞላ። አዴ ሌሊቱን እየተነሱ ልጆቹን ያለብሱ ነበር። ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ሲገባ ግማሾቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ስለነበር በእልልታው ደንግጠው እያለቀሱ ተነሱ። ዛሬ እነዚያ ልጆች ወላጆች ናቸው፤ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ያቺን ሌሊት ማን ከማን አጠገብ እንደተኛ ነው።

ባቄላው የመጣውም በዚያ ክረምት ነው። የአሰላን ክረምት ያየ ሰው ያውቃል፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ሲናገር አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ አትሰማም። የጋዜጠኛው ድምፅ ይዋጣል። ስንት ዙር እንደቀረ አይታወቅም፤ በማያ ገጹ የሚጻፈውንም ቁጥር ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ማንበብ አይቻልም። አዴ ደግሞ በየዙሩ «ልጄ፣ ስንት ቀራቸው?» እያሉ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ተነስተው ሃያ አምስት ባቄላ ቆጥረው በሰፌድ አመጡ፤ ባዶ ጣሳ አጠገቡ አስቀመጡ። ሯጮቹ መስመሩን ባለፉ ቁጥር አንዲት ባቄላ ከሰፌዱ ወደ ጣሳው ትገባለች። 10,000 ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው። ለ5,000 ሜትር አሥራ ሁለት ተኩል ስለሆነ አዴ አሥራ ሁለት ባቄላና አንድ ክክ አዘጋጁ። ክኳ መጀመሪያ ትገባለች፤ ሩጫው በግማሽ ዙር ስለሚጀምር። ያንን ለእሳቸው ያስረዳቸው አልነበረም፤ አይተው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ በራሱ አደገ። ባቄላውን የሚጥለው የቤቱ ትንሹ ልጅ ነው፤ ሰባት ዓመት የሞላው ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተኩሱ ከመተኮሱ በፊት ቡናው ይታጠባል፤ ሩጫው ሲጀመር ምጣዱ ይጣዳል። አሥር ሺው በወንዶች ሃያ ሰባት ደቂቃ፣ በሴቶች ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪፈላ የሚበቃ ጊዜ ነው። ደወሉ ሲደወል ጀበናው ከእሳት ይወርዳል፤ የመጨረሻዋን ዙር ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አዴ ሲንቄያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። አቦል የሚቀዳው ካሸነፍን በኋላ ነው። ባናሸንፍም ይቀዳል፤ ግን ዝም ተብሎ ይጠጣል። ፈንዲሻውን የሚያመጣ የተወሰነ ቤት ነበር፤ ቆሎውን የሚያመጣ ሌላ። የሚያመጣው ያጣ ቤት ማገዶ ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣን ሰውም ማንም አያየውም።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በክረምታችን የሚውለው ኦሎምፒክ አብዛኛውን ጊዜ ዘመነ ዮሐንስ ላይ ይወድቃል፤ 1972፣ 1984፣ 1988፣ 1996፣ 2000፣ 2004 ሁሉም ዮሐንስ ናቸው። እናቴ «የዮሐንስ ሩጫ» ትለው ነበር። ወንጌላዊው ሲዞር ሩጫውም ይዞራል። ልጅ የተወለደበትን፣ ላም የሞተችበትን፣ ቤት የተሠራበትን ዘመን በዚያ ትቆጥራለች፤ «የፋጡማ ዮሐንስ፣ የቀነኒሳ ዮሐንስ» እያለች።

ሲድኒ ግን ወቅቱን ለቆ በማቴዎስ፣ በመስከረም መጣ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ በማግስቱ ደመራ ነው። ዝናቡ አቁሞ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል። ሲድኒ መሽቷል፤ እኛ ዘንድ ገና ቀን ነው። ሩጫው ሊጀመር ሲል ከጭላሎ ተራራ ነፋስ ተነሳና ምስሉ ጠፋ። ጣሪያዬ ላይ ወጣሁ። የአንቴናውን ምሰሶ በእጄ ስይዘው ምስሉ ይጠራል፤ ስለቀው ይጠፋል። አዴ መስኮት ላይ የቆመ አንድ ልጅ እየጮኸ ይነግረኛል፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ጭላሎ! አይ፣ ወደ ማልት ፋብሪካው ይመልሱት! እንዲያ ይያዙት!» እንዲያ ይዤው ቀረሁ።

ስለዚህ ኃይሌና ቴርጋት የተናነቁበትን ያንን ሩጫ በዕለቱ አላየሁም። የሰማሁት ግን ከታች ሆነው ያዩት ያልሰሙትን ነው። ከአዴ ቤት የልጆቹ ድምፅ ባቄላ በገባ ቁጥር በኅብረት ይቆጥራል። መጀመሪያ የእነሱን ብቻ የምሰማ መስሎኝ ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል ግን ከማዶ ካለው ቤትም «አሥራ አምስት!» ይላል፤ ከመንገዱ ባሻገርም ይላል። የባቄላው ነገር ከአዴ ቤት ወጥቶ ሰፈሩን መዞሩን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሃያ አራት ላይ ሲደርሱ ሁሉም ዝም አለ። ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኬ፣ እጄ ደንዝዞ፣ ከተማ ሙሉ ዝም ሲል ሰማሁ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ከመጨረሻው ቀጥታ ላይ ቴርጋት ቀድሞ እንደነበር የተነገረኝ በኋላ ነው። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ቴርጋት በ18.29። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። ከዚያ እልልታው ከሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ እኔ ከጣሪያው ላይ ማን እንዳሸነፈ የጠየቅሁት ማንም አልነበረም። ምሰሶውን ሳልለቅ አለቀስኩ። ልጁ መስኮቱን ትቶ ሮጦ ነበር፤ ልቀቁ የሚለኝ ስላልነበረ ብዙ ቆየሁ።

በማግስቱ ደመራው ሲዞር የሚባለው ስም ኃይሌ ነበር። ኃይሌ ከሮጠ አምስት ቀን ቆይቶ ደራርቱ ሁለተኛ ወርቋን አገኘች፤ በማግስቱ ገዛኸኝ አበራ ማራቶኑን አሸነፈ። ከሲድኒ ኢትዮጵያ ያመጣችው አራት ወርቅ ነው። ሦስቱን ያመጡት ልጆች በአንድ የአውቶቡስ መንገድ ላይ የተወለዱ ናቸው፤ ገዛኸኝ ኢተያ፣ ኃይሌ አሰላ፣ ደራርቱ በቆጂ። ሾፌሮቹ መስከረሙን ሙሉ በየፌርማታው የሯጩን ስም ነበር የሚጠሩት።

ከዚያ የመጣው የአቴንስ ማታ ከባድ ነበር። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ፍልሰታ። አዴ በፍልሰታ ወራት የእኛን ጾም ስለሚያውቁ ቅቤ የነካ ነገር ቤታቸው አያቀርቡም ነበር፤ ሽሮና ቆሎ ብቻ። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ኃይሌን፣ ወጣቶቹና ከበቆጂ የመጡት ቀነኒሳ በቀለን። በወሰን ጉዳይ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞችም ነበሩ፤ አንዱ የአሰላ ልጅ፣ አንዱ የበቆጂ፤ በመካከላቸው አንድ በርጩማ ባዶ ትተው ተቀምጠዋል። ኃይሌ እግሩን ታሞ ነበር። ሩጫው ሲከር ወደ ኋላ ቀረ። ያኔ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞር ብለው ሲያዩት፣ እርምጃቸውን ለዘብ አድርገው ሲጠብቁት አየን። ክፍሉ ውስጥ የኔ የሚል ቀረ። አዴ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ፤ ምርቃት ነበር። ኃይሌ አልደረሰባቸውም፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ሩጫው ያን ሁለቱን ጎረቤታሞች አስታረቃቸው አልልም፤ ያስታረቋቸው ሽማግሌዎች ናቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት። ግን ያን ማታ አንደኛው ቡና ሲያልፍ ስኒውን ለሌላው አቀብሎታል፤ ሌላውም ተቀብሏል፤ እኔ አይቻለሁ።

ለለቅሶም ተሰብስበናል። በ1997 ዓ.ም. የቀነኒሳ እጮኛ አለም ተጫለ አብራው ልምምድ እየሮጠች ሳለ ወድቃ ሞተች፤ እሷም የዓለም ወጣቶች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ነበረች። በዚያው ዓመት መጋቢት ፈረንሳይ ላይ ቀነኒሳ በዓለም አገር አቋራጭ ሁለቱንም ርቀት ሮጦ አሸነፈ። አገር አቋራጭ በመም ስላይደለ ባቄላ አልተቆጠረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው ነበር። ሲገባ እልል ያለ ሰው የለም። አዴ «አይዞህ ልጄ» አሉት፤ ሳጥኑን ነው የሚያናግሩት፤ ማንም አልገረመውም።

ቤጂንግን ለማስታወስ ምግቡ ይበቃል። በ2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ፣ ሁለት የበቆጂ አካባቢ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰዱ። የጥሩነሽ 5,000 ነሐሴ 16 በፍልሰታ በዓል ዕለት ነበር፤ ዓርብ ስለዋለ ፍስኩ ለቅዳሜ ተላለፈ። የቀነኒሳ 5,000 ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ አንዱን ወርቅ በሽሮ፣ አንዱን በዶሮ አከበርነው። ሁለት ድስት ነበር፤ አንዱን አዴ በራሳቸው አሳርደው፣ አንዱን ባለቤቴ። እያንዳንዱ ከየድስቱ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል።

በ2004 ዓ.ም. ለንደን የሮመዳን ወር ላይ ዋለ። ሐምሌ 27 ጥሩነሽ 10,000 ሜትሩን ስትደግም፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቲኪ ገላና በዝናብ ማራቶኑን ስታሸንፍ ጾመኞቹ አዴና ቤተሰባቸው ነበሩ፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሁላችንም ሆንን። መሠረት ደፋር ነሐሴ 4 ማታ 5,000ውን ስታሸንፍ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ስትሆን፣ ክፍሉ ውስጥ ቀኑን ምግብ ሲቀምሱ የዋሉት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። የተምር ሰሃን በክርስቲያኖቹ እጅ ዞረ፤ ሽሮው በሙስሊሞቹ።

አዴ ያረፉት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ዲሽ በየጣሪያው ተተክሎ ነበር፤ እኔም አንቴና መትከሉን ትቼ ሪሲቨር አስተካካይ ሆኛለሁ። በየቤቱ ቴሌቪዥን ገባ። ወጣቶቹ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳሉ፤ የአርሰናሉ በአንድ ወገን፣ የማንቸስተሩ በሌላ፣ የየራሳቸው ወንበርና የየራሳቸው ዜማ አላቸው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በቃና የሚታዩትን ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ተከትለው የሚገናኙ ሴቶችም አሉ፤ ቡናው ከድራማው ሰዓት ጋር ይፈላል፤ ያመለጣት ሴት ታሪኩን ከጎረቤቷ ትሰማለች። አንዳንድ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ይህን ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። አንዲት ሴት ጎረቤቷ ቤት የምትሄድበት ምክንያት ካገኘች ምክንያቱ ከኢስታንቡል ቢመጣ ምን ክፋት አለው? የሚያሳዝነኝ በየቤቱ በር ተዘግቶ ያው ድራማ ለየብቻ ሲታይ ነው፤ መንገድ ላይ ስሄድ አንዱን ድምፅ ከአምስት ቤት እሰማለሁ፤ ከአምስቱም ውስጥ የሰው ድምፅ አልሰማም።

ጣሳዋን የአዴ ልጅ ለእኔ ሰጠኝ፤ ባቄላዎቹ ውስጧ ናቸው። ከእጅ ብዛት ጠቁረው እንደ መቁጠሪያ ይንሸራተታሉ። ክኳ ተሰባብራ ጠፍታለች፤ ለአምስት ሺ አዲስ እንከካለን።

በ2016 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 26 ማታ፣ የፓሪሱ 10,000 ሜትር እኔ ቤት ታየ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ አምስቱ የአዴ የልጅ ልጆች ናቸው። ዝናብ ነበር። ሦስቱ የእኛ ልጆች፣ በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ፣ እየተፈራረቁ ይመሩ ነበር፤ የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ከኋላቸው አለ። ባቄላውን የምትጥለው የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ነበረች፤ መስመሩን ሳያልፉ እንዳትጥል ትጠነቀቃለች። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ ጭሱን ልታሳየን ምጣዱን ይዛ ስትዞር፣ አሥራ ስምንተኛው ባቄላ ላይ መብራት ሄደ።

ለጥቂት ጊዜ ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከአዴ የልጅ ልጆች አንዷ ስልኳን አውጥታ ከስኳር ዕቃው አስደግፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ምስሉ መዳፍ አያክልም። አሥራ አንዳችንም በርጩማችንን እየጎተትን ተጠጋን፤ ራስ ከራስ፣ ትከሻ ከትከሻ ገጠመ፤ የሰው ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሯጮቹ መስመሩን ሲያልፉ ትንሿ ልጅ በጨለማው ሰፌዱን ዳብሳ አሥራ ዘጠነኛውን ባቄላ ጣሳው ውስጥ ጣለች፤ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።